አርባ አንዱ የግድያ ቃላት

መምህር ሱሊያሲ የሞተው እሑድ ረፋድ ላይ፣ የናሞሊ መንደር ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ ነው። ጉልበቱን አሞት ቤት ቀርቶ ነበር። ባለቤቱ ሎሳሊኒ ስትመለስ፣ ሲጽፍ በሚውልባት ጎጆ ውስጥ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ግንባሩ ተሰባብሯል፤ አጠገቡ አንድ የባሕር ድንጋይ ወድቋል። ከደብተሩ አንድ ገጽ ተቀዷል።

ሱሊያሲ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የመንደሩን ቃላት ሲለቅም ነው የኖረው። በመጨረሻ የደረሰው «መግደል» ከሚለው ምዕራፍ ላይ ነበር። ድሮ ጦር የማይለየው የባሕር ዳር ነውና፣ ለግድያና ለደም መፋሰስ ብቻ አርባ አንድ ቃል አግኝቷል።

ኢንስፔክተር ራይጂኤሊ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ደረሰች። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ምንጣፉን ብዙ አየችው። ራስ ሲሰበር ደም ይጎርፋል፤ እዚህ የፈሰሰው ግን መዳፍ አይሞላም። የመንደሩ ነርስ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ራይጂኤሊ።

በጸሎቱ ሰዓት ያልታዩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የሟቹን የወንድም ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁን ዋይሳኬን ጠራች።

«ዓርብ ዕለት ‹ራስህን ነው የምፈነክተው› ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። በተከለከለው ባሕር ዓሣ ወጋ ብሎ ለሹሙ ከሰሰኛ! ግን እህቴ፣ ሊፈነክት ያሰበ ሰው ለመንደር ያውጃል እንዴ?»

«ታዲያ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ብቻዬን።»

«ይሄ አያድንህም።»

«ሌላ የለኝማ!»

ቀጥላ ሎሳሊኒን ጠየቀቻት። «እናቴ፣ ከመዝሙሩ መሃል ለምን ወጡ?»

«የልጅ ልጄ አልቅሳ አስቸገረችኝ። ዛፉ ሥር ይዣት ተቀምጬ ነበር፤ ቄሱም በመስኮት አይቶኛል። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የፈነከቱት፣ ልጄ!»

«በጣም የሚቀርበው ማን ነበር?»

«ኢኖኬ ነዋ፣ ያክስቱ ልጅ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ ኖሩ። ቃላቱንም አብረው ነው የለቀሙት።»

ኢኖኬ ሽማግሌ ጀልባ ሠሪ ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ጸሎት የቀረሁት የምሳውን ምድጃ ስጠብቅ ነው» አለ። «ይሄ የበሰበሰ ጎደሬ! ጥሎኝ ሄደ!»

«አባቴ፣ እርስዎ የቃል ሰው ነዎት» አለች ራይጂኤሊ ወረቀቷን እያወጣች። «እኔ የካንዳቩ ልጅ ነኝ፤ ያገሩን አነጋገር አላውቅም። እስቲ ያርሙኝ፤ ‹ሱሊያሲ በድንጋይ ተፈነከተ›።»

ኢኖኬ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ። «‹ተፈነከተ› በኛ መንደር ነፍስ ላለው ነው። ነፍስ ለሌለው ‹ተቀጠቀጠ› ነው የሚባለው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና አረመችው።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሁሉም በመንደሩ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ተሰበሰቡ። ሹሙ ከላይ ተቀምጧል።

«ሱሊያሲ የሞተው በድንጋይ አይደለም» ብላ ጀመረች ራይጂኤሊ። «ደም ያልፈሰሰው ልቡ ቀድሞ ስለቆመ ነው። ነርሷ ከንፈሩ ውስጥ ቁስል፣ ጥርሱ መሃል የትራስ ክር አግኝታለች። ታፍኖ ነው የሞተው።»

«ታዲያ ድንጋዩ ለምን አስፈለገ?» አለ ሹሙ።

«ዋይሳኬን ለማሳሰር። ዛቻውን ያልሰማ የለም። ሎሳሊኒ ‹ፈነከቱት› አለችኝ፤ ዋይሳኬም ስለ ፍንከታ ነው ያወራው። ድንጋዩ ያረፈው ሬሳ ላይ እንደሆነ የምናውቀው ነርሷና እኔ ብቻ ነበርን። ደግሞም ቃሌን ያረመልኝ ሰው።»

ኢኖኬ አንገቱን ደፋ። «ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አልችልም። ልክፍት ነው።»

«የቀደዱት ገጽም አልጠፋም። ግልባጩ ሐሙስ በመርከብ ወደ ሱቫ ከተማ ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ በስልክ አነበበልኝ። ቃሉ ‹እንግዳን አብልቶና አስተኝቶ መግደል› ማለት ነው። ምሳሌው ላይ የእርስዎ አያት በስማቸው ተጽፈዋል፤ የፈጇቸው የማዶ ደሴት ሰዎችም እንዲሁ።»

«የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ኢኖኬ። «ካቫ እየጠጣን፣ ከዚህ አይወጣም ብሎ ምሎልኝ። ልጄን የዳርኳት እኮ እዚያ ማዶ ነው! የልጅ ልጆቼ የእነዚያ ሰዎች ደም ናቸው። ሰርዘው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ምሳሌ ከሌለው ማን ያምነኛል?› ብሎ ሳቀብኝ። ከዳኝ።»

ዋይሳኬ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «እኔስ? እኔ ምን አደረግኩህ? ጀልባ መሥራት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?»



«ታግሎ ነበር?» አለች ሎሳሊኒ በቀሰስተኛ ድምፅ።

«መጀመሪያ አልታገለም» አለ ኢኖኬ። «የጉልበቱን መድኃኒት ወስዶ አሸልቦ ነበር። ትራሱን ሳነሳ የማመቻችለት መሰለው። ዓይኑን ሳይገልጥ ‹ተባረክ፣ ወንድሜ› አለኝ።»

ሎሳሊኒ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ራይጂኤሊ ካቴናውን አወጣች። ኢኖኬ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰጣት፤ ዓይኑ ግን ዋይሳኬ ላይ ነበር። ዋይሳኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ኢኖኬ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ አልተመለሰም።