የቲቸር ወለተ ድምፅ

«ጮክ በይ፣» አሉ ቲቸር ወለተማርያም። ከአፋቸው የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሸሪፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። የአንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ አፍጥጠውባታል። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጣቷን አፍንጫዋ ውስጥ ከትታ እዚያው ረስታዋለች።

«እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ ቲቸር!» ብለው ክፍሉን አናጉት።

ሸሪፋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። እስከዛሬ ቲቸር ብሎ የጠራት ሰው የለም።

ነገሩ የመጣው ድንገት ነው። ቲቸር ወለተን ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ጥርግ ብሎ ጠፋ። ሐኪሙ ሳምንቱን ሙሉ እንዳይናገሩ አስጠነቀቃቸው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መሃል ባለው በዚያ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚተካ መምህር አልተገኘም። ርዕሰ መምህሩ አቶ አያሌው ያን ጊዜ ትዝ ያለቻቸው ሸሪፋ ናት፤ በሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበው፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ እስከ አጥሩ የሚሰማው ልጅ። «ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው ትሆኛቸዋለሽ፤ እሳቸው በሹክሹክታ ይነግሩሻል፣ አንቺ ለልጆቹ ትናገሪያለሽ፣» አሏት። ጠዋት በራሷ ክፍል የሚያመልጣት ሒሳብ ስለነበረ ሸሪፋ ሁለቴ አላሰበችም።

«ቶሚ ያንብብ፣» ብለው ሹክ አሏት ቲቸር ወለተ። ፊታቸው በራ። «የክፍሌ አንበሳ ነው።»

ቶሚ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። መጽሐፉን ገለጠና፣ «ለማ ላም አለው። ላሟ ሳር ትበላለች። ለማ ወተት ይወዳል…» እያለ ገጹን እንደ ውሃ አወረደው። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ሸሪፋም አጨበጨበች።

ማክሰኞ ፀሐይ ወጣች። ሸሪፋ ከቲቸር ወለተ ፈቃድ ጠይቃ ልጆቹን ወደ ግቢው አወጣቻቸውና ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ትልልቅ ፊደሎች ጻፈች። የለ ቤት በአንድ መስመር፣ የመ ቤት ከሥሩ። «ስጠራው ዘላችሁ እላዩ ላይ ትቆማላችሁ፣ ኦኬ?»

«ላ!» ስትል ሁሉም ላ ላይ ተከመሩ። «ሞ!» ስትል ወደዚያ ተንጋጉ። ጫማ ወለቀ፣ አንዷ ወድቃ እየሳቀች ተነሳች። ከላይኛው ፎቅ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በረንዳው ላይ ተንጠልጥለው «እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ!» እያሉ ይመሯቸው ጀመር። ሸሪፋ እንዲህ የሚያስደስት ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ከጥቂት ቆይታ በኋላ ግን አንድ ነገር አየች። ቶሚ ሁሌም የሚዘለው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሌሎቹን እግር ያያል፣ ከዚያ ይከተላል።

«አሁን ደግሞ ቶሚ ብቻውን፤ ሙ!» አለች።

ቶሚ መስመሮቹን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለና ላ ላይ አረፈ። ልጆቹ ሲስቁ፣ «ውሃ ጠምቶኛል» ብሎ ሮጠ።

እረፍት ላይ ቧንቧው ጋ አገኘችው። ከመጽሐፉ ሌላ ገጽ ገልጣ፣ የአህያ ሥዕል ያለበትን ሰጠችው። «እስቲ ይሄን አንብብልኝ።»

«ለማ ላም አለው፣» ብሎ ጀመረና የአህያዋን ጆሮ ሲያይ ዝም አለ።

ሸሪፋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ማን አስጠናህ?»

«ጎረቤታችን ቢሩክ አነበበልኝ። እኔ አንዴ ከሰማሁ አልረሳም።» ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር። «ለቲቸር እንዳትነግሪብኝ። አርብ ወላጅ ሲመጣ እኔ ነኝ የማነበው። እማዬ የፋብሪካ ሱፐርቫይዘሯን ለምና አስፈቅዳለች። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ፣» አለች ሸሪፋ፤ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

በማግስቱ ነገሩን ለጓደኛዋ ለሀይሚ ነገረቻት፣ የልጁን ስም ሳትጠራ። ሀይሚ ዜና አብራት የምታነብ ልጅ ናት።

«ምን ታካብጃለሽ?» አለች ሀይሚ። «አርብ ይለቀዋል፣ ይጨበጨብለታል፣ አለቀ። አሪፍ ሙድ ነው።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ አንቺ እዚያ የለሽም።»

ነገሩ ግን ለሸሪፋ አልተዋጠላትም። የዚያን ዕለት እረፍት ሲደወል ጠመኔዋን ይዛ ወደ አንደኛ ክፍል ሄደች።

«ለን ቁጠርልኝ፣» አለችው ቶሚን።

«ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ፣» አለ በዜማ፣ ሳይተነፍስ። የሌሎቹንም ቤቶች እንደዚሁ አንበለበላቸው። ሁሉም በጆሮው ገብቷል፤ ዓይኑ ነው ያልደረሰበት። ሸሪፋ ይሄን ስታይ ልቧ ዘለለ። ልጁ ግማሹን መንገድ ሄዶታል ማለት ነው።

መሬቱ ላይ ያለውን ሚ አሳየችው። «ይቺ የማን ልጅ ናት? እናቷን ፈልግ።»

ቶሚ መስመሩን ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያዋ ላይ ቆመ። «የመ።»

«በቃ፣ ከእናቷ ጀምረህ እየጠራህ ና። ስትደርስባት ቁም።»

ቶሚ እየረገጠ መጣ። «መ፣ ሙ፣ ሚ።» ቆመ። እግሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ሚ እኮ ቶሚ ውስጥ ያለችው ናት!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ሐሙስም እረፍት ላይ ቀጠሉ፤ ሌሎች ልጆችም ገብተውበት መስመሩ ተጨናነቀ። የሸሪፋ ድምፅ ራሱ መጎርነን ጀመረ። ቶሚ የለ ቤትንና የመ ቤትን ልጆች እየቆጠረ ማግኘት ቻለ። የቀሩት ቤቶች ግን ገና ናቸው፤ ለአርብ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ሲለቀቁ ቲቸር ወለተ፣ «ነገ በቶሚ ንባብ እንከፍታለን፣» ብለው ሹክ አሏት። ሸሪፋ አፏን ከፈተች። ቶሚ ከበሩ ላይ ዞሮ እያያት ነበር። መልሳ ዘጋችው።

አርብ ወላጆች ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ እንደምንም ተጣጥፈው ተቀመጡ። የቶሚ እናት ወይዘሮ አለም ከቦሌ ለሚ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ከሹራባቸው ሥር የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሰማያዊ ጋውን ይታያል። ቶሚ ወጥቶ ስለ ለማ ላም አነበበ። አንድ ቃል አልሳተም። ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ፣ ወይዘሮ አለም ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉ። ሸሪፋም አጨበጨበች፤ እጆቿ ግን ከበዷት።

ሁሉም ነገር እዚያው ባለቀ ነበር። ወይዘሮ አለም ግን ልጃቸውን ሊስሙ ተነስተው ግድግዳው ላይ በካርቶን የተለጠፉትን ቃላት አዩ። አንዱን በጣታቸው ነኩት።

«ቶሚዬ፣ ይሄ ቦርሳህ ላይ ያለውን ይመስላል። እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም። ያንተ ስም ነው?»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ሎሚ» ነበር።

ቶሚ ደረቀ። ወላጆቹ ሁሉ ይጠብቃሉ። ቲቸር ወለተ ሊያግዙት አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ቶሚ ቀስ ብሎ ወደ ሸሪፋ ዞረ።

ሸሪፋ ከኋላው ነበረች። ጎንበስ ብላ «ሎሚ» የምትለውን ቃል ጆሮው ውስጥ ብትጥልለት ማንም አያይም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዋ የሰው ድምፅ መሆን ነው። ምላሷ ላይ መጥታ ነበር። ግን ዋጠቻት።

«የመጀመሪያዋ የማን ልጅ ናት?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

ቶሚ ጣቱን ካርቶኑ ላይ አደረገ። «የለ።» ከዚያ ቀስ እያለ፣ «ለ፣ ሉ፣ ሊ…» አለ። ከኋላ አንድ አባት ፈገግ ብለው ከጎናቸው ላለው ሰው አንድ ነገር አሉ። ቶሚ አልሰማቸውም። «…ሌ፣ ል፣ ሎ። ሎ ናት።» ጣቱ ወደ ቀጣዩ ሄደ። ይቺኛዋን መቁጠር አላስፈለገውም። «ሚ። ሎ… ሚ።»

ወደ እናቱ ቀና አለ። «እማ፣ የኔ ስም አይደለም። ሎሚ ነው የሚለው።»

ወይዘሮ አለም እሱ ጣቱን ባደረገበት ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ሎ… ሚ፣» አሉ። «ይቺኛዋ ታዲያ ካንተ ስም ጋር አንድ ናት?»

«አዎ! ሚ ናት!»

አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፤ ፋታም አልነበረም። ልጆቹ «የኔንም ነይ እይው፣ አባ የኔንም» እያሉ ወላጆቻቸውን ወደ ግድግዳው ይጎትቱ ጀመር። ወንበር ተገለበጠ። ክፍሉ እንደ ገበያ ደመቀ።

ሰው ሲወጣ ቲቸር ወለተ ሸሪፋን አስቀሯት። በመጨረሻ ትንሽ የጎረነነች ድምፅ ወጣችላቸው።

«የመጀመሪያውን ንባብ በቃሉ ነው የሚወጣው፣ አይደል? መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ፣ ቲቸር። እንዳልናገር አስምሎኝ ነው።»

ቲቸር ወለተ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞሩ። «እኔ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አንበሳዬ እያልኩ ሳስጨበጭብለት።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ሰኞ ድምፄ በደንብ ይመለሳል። ወደ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። ተባረኪ።»

ሸሪፋ ስትወጣ ሀይሚ ደረጃው ላይ ትጠብቃት ነበር። «በናትሽ ፍጠኚ። ሰኞ እረፍት ላይ ትልቁን ዜና አንቺ ነሽ የምታነቢው ተባለ። ስንት ጊዜ ስትለምኚው የነበረ ነገር እኮ ነው።»

ግቢው ውስጥ ቶሚ እናቱን እጃቸውን ይዞ፣ ግማሹ የጠፋ የጠመኔ መስመር ላይ ያራምዳቸዋል። ወይዘሮ አለም የፋብሪካው ሥራ ሳይረፍድባቸው አይቀርም፤ ግን ጋውናቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊደል ፊደል ይረግጣሉ። ሸሪፋ ቆማ አየቻቸው።

«ዜናውን አንቺ አንብቢው፣» አለቻት ሀይሚን።

«ምን? አንቺስ?»

«እኛ ገና የሰ ቤት ይቀረናል።»