በዶምቦሩ ሆድ ውስጥ የነበረችው ዕንቁ

በሳልማራ ምድር ሰባቱ ምንጮች በአንድ ማለዳ ዝም አሉ። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች እንስራቸውን እንደ ያዙ ደረቁን አለት ሲያዩ ቆሙ፤ ከብቶቹም በባዶው ገንዳ ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገሱ። ወዲያው ከተራራው መቅደስ የመርዶ መለከት ተነፋ። ቁመቱ ከዝሆን የሚልቅ፣ ሦስት ቀንድ ያለው ዶምቦር የሚባል አውሬ ከጥቁሩ ገደል ወጥቶ የመቅደሱን በር ሰብሮ ነበር። የምንጮቹ ሁሉ እናት የሆነችውን የዝናብ ዕንቁ ከተቀመጠችበት ጨው ጋር ልሶ ውጧት ሄደ።

ንጉሥ አምደላ ሹማምንቱን ሰብስቦ በአያቶቹ ዘመን የሆነውን ነገራቸው። ያን ጊዜ የዕንቁዋን መንትያ ሌላ ዶምቦር ውጧት ነበር። አዳኞቹ ገደሉት፤ በድል ሰክረው ሆዱን በጎራዴ ሲተረትሩት ግን ሐሞቱ ፈሰሰና ዕንቁዋ በእጃቸው ላይ አመድ ሆነች።

«ዶምቦርን የሚጥለው ጦር ነው፤ ዕንቁዋን የሚያወጣት ግን ካራ ነው» አለ ንጉሡ። «ልጄ ዘርዓይ ጦሩን ይዞ ይዝመት። ካራውን የሚይዝ ማን ነው?»

ከበሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ተነሣች። ስንዱ ትባላለች፤ ከከተማው በታች ቆዳ ከሚያለፉ ወገኖች የተወለደች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአጎቷ ጋር የአዳኞችን ግዳይ ስትገፍፍ ያደገች ናት። ሹማምንቱ አፍንጫቸውን ያዙ። እሷ ግን ካራዋን ከአፎቱ አውጥታ በመሬት ላይ አጋደመችው።

«በአባቶቼ ሞረድ እምላለሁ! ሐሞቱን ሳላፈስ ዕንቁዋን ባላወጣ፣ ይህ ካራ በራሴ ላይ ይዙር!»

ንጉሡም ባረካት። በዚያው ዕለት ልዑል ዘርዓይ፣ ስንዱና ዱካ አዋቂው አጎቷ አያ ምንዳ ወደ ጥቁሩ ገደል ወረዱ። ስምንት ቀን ተከተሉት፤ ልዑሉ በስምንቱም ቀን ከስንዱ ጋር ስምንት ቃል አልተነጋገረም። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ አውሬውን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ጨዋማ አፈር ሲልስ አገኙት። ዶምቦሩ አይቷቸው ምድር እያንቀጠቀጠ መጣ። ዘርዓይ አልሸሸም። ቀንዱ ሊነካው ሲደርስ ወደ ጎን ዘሎ ጦሩን ከጎድኑ ሥር ሰካው፤ ዘንጉ እጁ ላይ ተሰበረ፤ አውሬውም ጥቂት ተራምዶ እንደ ተናደ ግንብ ወደቀ።

ልዑሉ ፎክሮ ሳይጨርስ ሰይፉን መዞ ወደ ሆዱ ሮጠ።

«ልዑል ሆይ፣ ሰይፍዎን ይመልሱ!» አለች ስንዱ፣ ካራዋን እየሞረደች።

«የዶምቦር ሥጋ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ሕዝቤ በጥም እያለቀ አንቺ ካራ ትሞርጃለሽ?»

«እስከ ቀትር ጊዜ አለን። አውሬውን የጣሉት እርስዎ ነዎት፤ ከእንግዲህ ያለው ሥራ ግን የእኔ ነው። ይልቅ እግሩን ይያዙልኝ።»

ከአባቱ በቀር ማንም አዝዞት የማያውቀው ልዑል ሰይፉን እንደ መዘዘ ቀረ። አያ ምንዳ ቀስ ብሎ ተጠጋው። «ጌታዬ፣ ያሳደግኋት አጎቷ እኔ እንኳ፣ ካራ በእጇ ሲሆን የምትለኝን ነው የማደርገው።»

ዘርዓይ ሰይፉን ከተተና እግሩን ያዘ።

ጠፍሩን በዛፎቹ ግንድ ላይ ጠምዝዘው እየሳቡ አውሬውን በጀርባው ገለበጡትና ግራና ቀኙን በድንጋይ ደገፉት፤ እግሮቹን በጠፍር ወደ ዛፎቹ ወጥረው አሰሩ። ስንዱ መጀመሪያ ቆዳውን ብቻ ከአገጩ እስከ ብሽሽቱ ሰነጠቀችና ጠጉሩና ጭቃው ሥጋውን እንዳይነካ ወዲያና ወዲህ ገፍፋ ዘረጋችው። ከዚያ ከፍርምባው በታች ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በሳች። ጣቶቿን አስገብታ የሆዱን ግድግዳ ወደ ላይ አነሣች፤ ስለቱን ሽቅብ አድርጋ በጣቶቿ መካከል እየነዳች፣ አንጀቱን ሳትነካ ከፈተችው። ትኩስ እንፋሎት ፊቷን መታው። ሞራውን ገለል አድርጋ የጉሮሮውን ቧንቧ በጠፍር ሁለት ቦታ አሰረችና መካከሉን ቆረጠች። እጇን ወደ ጉበቱ ሰደደች። በዚያ ቆመች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አለ አያ ምንዳ።

«የጦሩ ጫፍ ሐሞቱን ወግቶታል። ብረቱ ቀዳዳውን ደፍኖት እንጂ አልቆልን ነበር። ዕንቁዋ ከሥሩ ጨጓራው ውስጥ ናት፤ ጉበቱን ሳላነሣ አልደርስባትም፤ ካነሣሁት ደግሞ ብረቱ ይወልቃል። ቀዳዳውን በጣቱ የሚደፍን ሰው ያስፈልገኛል።»

 የዶምቦር ሐሞት ሥጋን እስከ አጥንት እንደሚያቃጥል ሦስቱም ያውቃሉ። አያ ምንዳ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ፤ ዘርዓይ ግን ክንዱን ያዘው።

«ጦሩ የእኔ ነው አያ ምንዳ።»

«ጌታዬ፣ የአገሩን ሕግ አይርሱ! ጦር የማይወረውር ዘውድ አይደፋም!»

«እኔ ዘውድ ብደፋ ለተጠማ ሰው ምኑ ነው?» ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ብረቱ ወለቀ፤ ጣቶቹም በቦታው ገቡ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ንገሪኝ» አለ ጥርሱን ነክሶ፤ «የምትሠሪውን እየነገርሽኝ ሥሪ!»

«አሁን ጉበቱን አነሣሁ። ከእኔ ጋር እጅዎን ከፍ ያድርጉ... እንዲያ። አሁን ጨጓራውን እየበሳሁ ነው። ጎበዝ ልዑል ሆይ፣ አይልቀቁት። ነካኋት። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ... ይዣታለሁ! ወጣች!»

ዕንቁዋ በደም በተለወሰው መዳፏ ላይ ነጭ ሆና ታየች፤ ምንም አልነካትም። ስንዱ ወደ ሸለቆው አፍ ሮጣ አርቃ በንጹሕ ድንጋይ ላይ አኖረቻትና ተመለሰች። ያን ጊዜ አያ ምንዳ የልዑሉን እጅ ስቦ አወጣና በኮዳው የቀረችውን የመጨረሻ ውሃ አንዲት ጠብታ ሳይሰስት አፈሰሰበት። ሦስቱ ጣቶች ግን ሞተው ነበር።

እጁ ላይ ተደፍተው ሳሉ ከሸለቆው አለት ሥር አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ተንቆረቆረ፤ ከዚያ ስንጥቁን ጥሶ ወጣና እግራቸውን አራሰው። ማዶ ከሚገኘው መንደር የሴቶች እልልታ ተሰማ፤ ከእሱ ወዲያ ካለው መንደርም ሌላ እልልታ ተቀበለው። አያ ምንዳ በጉልበቱ ወድቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። ስንዱ ውሃው ውስጥ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋን ማቆም አቃታት። ልዑሉ እጁን በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ከትቶ ዓይኖቹን ጨፈነ።

«እፎይ!» አለ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ የኖርኩ መሰለኝ።»

«ዘውዱስ?» አለች ስንዱ፣ ሳቋ ጸጥ ሲል።

«እህቴ ትድፋው። ከእኔ ይልቅ እሷ ምክር ትሰማለች። አይገርምሽም? ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የነበረ ነገር የወረደ ያህል ነው የቀለለኝ።»

ስንዱ ነጠላዋን ቀድዳ እጁን አሰረችለት። ከዚያ ተነሥታ ካራዋን በሞረድ ታስል ጀመር።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለ ዘርዓይ።

«ምን ቀረ ይላሉ? ቀትር እየቀረበ ነው፤ ሥጋው ሳይደነድን ቆዳው መገፈፍ አለበት። ሐሞት ያልነካውንም ብልት አውጥተን ለመንደሮቹ እናከፋፍላለን። ሕዝቡ ውሃ አገኘ እንጂ ገና አልበላም።»

ልዑሉ በግራ እጁ መሬቱን ተደግፎ ተነሣ። «በግራ እጅ መግፈፍ ይቻላል?»

«ይቻላል» አለችና የአጎቷን ትንሽ ካራ አቀበለችው። አውራ ጣቱን ከስለቱ አራቀችለት። «ስለቱን ወደ ሥጋው ያዘንብሉ እንጂ ወደ ቆዳው አይደለም። አይቸኩሉ።»

አያ ምንዳ ከወዲያ በኩል ቆዳውን ወጥሮ ያዘላቸው። ዘርዓይ የመጀመሪያውን ስንዝር ሳይበሳ ገፈፈና ቀና ብሎ አያት።

«ጥሩ ነው» አለች ስንዱ። «ይቀጥሉ።»