የዓኢሻ ጉንጮች

ዓኢሻ በልጇ ሠርግ ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለት እጆቿ ሂና ተለቅልቀው በፌስታል እንደታሰሩ ሞታ ተገኘች። ያን ቀን የአሶሳ ሙቀት ድንጋይ ያፈላ ነበር። ኢንስፔክተር ሸዋሉል ስትደርስ ግማሽ አሶሳና ሙሉ ሆሞሻ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

ሸዋሉል ማለት ዝንብ ከግድግዳ ላይ ብትነሣ የትኛውን እግሯን እንዳስቀደመች የምትናገር ሴት ናት። ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ ጣቢያው አንድ ጠረጴዛና ግማሽ ወንበር በነበረው ጊዜ መጣች፤ ሌቦች ስሟን ሲሰሙ ራሳቸው መጥተው ይመዘገቡ ነበር ይባላል። ያን ቀን ግን ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች።

የሟቿ ግራ ጉንጭ እፍኝ ውሃ እስኪይዝ ጎድጉዷል። ቀኙ አብጧል፤ በበርታ ባህል በተበጡት ሦስት ጭረቶች ውስጥ አንዳንድ የመርፌ ነጥብ ይታያል። ራስጌዋ ላይ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስና መርፌው የተከደነ ሲሪንጅ ተቀምጧል። ሲሪንጁ ንጹሕ ነው።

ፖሊሶቹ ነርሱን ታምሩን አስቀድመው በካቴና አስረውታል። በየወሩ እዚህ ቤት ሲገባ ጎረቤት ያየዋል፤ ሰፈሩም ውሽማዋ ነው ብሎ ከፈረደ ቆይቷል።

«በየወሩ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለችው።

«ጤናዋን እጠይቃለሁ።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

ታምሩ መሬት መሬት አየ። «ጉንጬን ሙላልኝ ብላኝ ነበር። የሚሞሉ ሐኪሞች አዲስ አበባ ናቸው፣ እዚህ የለም አልኳት። ከዚህ ሌላውን አልናገርም።»

«ዝም ካልክ ሃያ ዓመት ነው።»

«እታሰራለሁ እትዬ ሸዋሉል። የሷ ግን የሷ ነው።»

ጠርሙሱን ያመጣው ነጋዴው ሐምዳን ነበር። «ከኩርሙክ ማዶ፣ ሱዳን ገዛሁት። እዚያ ሴቱ ሁሉ ይወጋዋል፣ ጉንጩ ፓፓያ ነው» አለ።

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ሻጩ ወላሂ ብሎልኛል።»

«እሷ ስትወጋ አንተ የት ነበርክ?»

«ድንኳን ስተክል። ሠላሳ ሰው አይቶኛል።»

ሲጠየቅ አርባ ሰው መሰከረለት።

ሙሽራዋ ሂባ ሻሿን እስከ እጇ አውርዳ ጥግ ተቀምጣለች። «እኔም ሂና ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም» አለች። ሸዋሉል አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። ልጅቱ ስትጠጣ፣ ሸዋሉል ከፊቷ ይልቅ ብርጭቆውን አየች።

ከዚያ ሁሉንም ድንኳኑ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ታምሩን፣ ሐምዳንን፣ ሂባን፣ የሙሽራውን የዐወድን እናት።

«ሐኪሙ አይቷታል። የጠርሙሱ ዘይት ደም ሥሯ ውስጥ ገብቶ ነው የሞተችው» አለች ሸዋሉል። «ራሷን ግን አልወጋችም። እጇ በፌስታል ነበር፤ ሲሪንጁ ላይ ደግሞ የሂና ጠብታ የለም። ታምሩም አልወጋትም።»

«በምን አወቅሽ?» አለ ሐምዳን።

«መርፌው ተከድኗል። ጤና ባለሙያ የወጋበትን መርፌ መልሶ አይከድንም፤ ጣቱን እንዳይወጋው እንዳለ ቢጫው የመርፌ መጣያ ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል። የታምሩ እጅ ይህን ከለመደ አሥር ዓመቱ ነው። ሊከድን ቢያስብ እንኳ እጁ እምቢ ይለዋል። መርፌን የሚከድን፣ ቤቱን የሚያስተካክል ሰው ነው። አንተን አርባ ሰው አይቶሃል። እናትና ልጅ ደግሞ ከአንድ ሳሕን፣ በእኩል ሰዓት ሂና ተቀቡ። ሂባ፣ የኔ ልጅ፣ እጅሽን።»

ሻሹ ተገለጠ። ሰባት ጣቶች ከሰል መስለዋል። የቀኝ እጇ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ግን የብርቱካን ልጣጭ ናቸው።

«ሙሽራ ሂናዋን እስኪጠቁር አትነካም። አንቺ ሦስቱን ቶሎ አጠብሽ። ሲሪንጅ የሚይዙት ሦስቱ ናቸው።»

«እሷ ናት ውጊኝ ያለችኝ» አለች ሂባ። «'የዐወድ እናት ነገ ፊቴን በቅርብ ካየች ታውቃለች፣ ይተዉሻል' አለችኝ። ቀኙን ጨረስኩ። ወደ ግራው ስዞር 'ዐይኔ ጨለመ' አለች። ከዚያ ፌስታሌን መልሼ አሰርኩ።»

«እኔ ምኑን ነው የማውቀው?» አለች የዐወድ እናት።

«ሂባ፣ አትናገሪ» አለ ታምሩ። ያን ቀን ሳይጠየቅ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«ኤች አይ ቪ ነበረባት» አለች ሂባ። «ጉንጯን የበላው መድኃኒቱ ነው።»

የዐወድ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እኛ እናውቃለን» አለች። «ሁለት ዓመት ነው። ወንድሜ ያንን ኪኒን ይውጣል፣ ጉንጩ እንደሷ ነው። መስኪን ዓኢሻ። ጥሩ ሰው ነበረች። እኛ ሙሽራ ልንወስድ መጣን፤ ጉንጭ ልናይ አልመጣንም።»

ሸዋሉል የታምሩን ካቴና ፈታች። ካቴናውን ይዛ ወደ ሙሽራዋ ሄደች።

ሂባ ሦስቱን ጣቶቿን በግራ እጇ ሸፍና ተነሣች።