መዶሻ የማይይዝ እጅ

ጋሽ አብዱልመጂድ በስትሮክ የዛለ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ታቅፈው ወደ ሕክምና ክፍሉ ሲገቡ፣ ሙኒር በልቡ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ደስ ብሎት ነበር። ከኋላቸው ልጃቸውን ሐፍሳን ሲያይ ግን ደስታው ቀዘቀዘ።

ያንን እጅ ያውቀዋል። ኒካሕ ሲታሰር የሙሽራዪቱ አባትና ሙሽራው ቀኝ እጃቸውን በነጭ ጨርቅ ስር ይጨባበጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጣና ዳር ባለው የአዛውንቱ ቤት፣ ለሐፍሳ ኒካሕ የእሳቸውና የሙኒር እጅ እንደዚያ ተጨባብጦ ነበር። ሼሁ ቃሉን ሳይጀምሩ አዛውንቱ ጠየቁት።

«ጀልባ መሥራቱን መቼ ትጀምራለህ?»

«እኔ ፊዚዮቴራፒ ነው የተማርሁት ጋሼ። ሥራዬም እሱው ነው።»

እጃቸውን ከጨርቁ ስር መንጭቀው አወጡ። «መዶሻ ለማይይዝ እጅ ልጄን አልሰጥም» አሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ የጀልባ መሥሪያቸው ከእሳቸው ጋር እንደሚያበቃ ሰፈሩ ያውቃል። ይህ ግን ለሙኒር ምክንያት አልሆነውም። ዓሣ አጥማጁ አባቱ አንዋር ያን ቀን ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ። እስኪሞቱ ድረስም በዚያ ቤት ደጅ አላለፉም።

ሙኒር አሁን የአዛውንቱን ክንድ እጅ በሚያለማምደው ሮቦት ላይ አሰረ። ከክርናቸው በታች ሁለት ኤሌክትሮዶች ለጠፈ።

«ይህ ደግሞ ይነዝራል?»

«ትንሽ። ማሽኑ ክንድዎን ወደፊት ይወስዳል፣ ኤሌክትሪኩ ጣትዎን ይከፍታል። መጀመሪያ ግን ራስዎ ይሞክራሉ።»

«ካልቻልሁስ?»

«እንደገና ይሞክራሉ።»

ኤሌክትሪኩን ከፍ አድርጎ ሊያሳምማቸው ይችል ነበር። አላደረገውም። የደነዘዘ እጅ ምን ያደርግለታል? ያ እጅ ድኖ፣ በዚያው ቤት፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ሲዘረጋለት፣ በተራው የራሱን እጅ ሊነጥቃቸው ፈለገ። ስለዚህ ከማንም በሽተኛ ይልቅ ተጋላቸው።

በስድስተኛው ሳምንት ጣቶቻቸው ያለ ማሽን ታጠፉ።

«መጨበጡ ቀደመ፤ መክፈቱ ይዘገያል» አላት ሐፍሳን። «ቤት ውስጥ እጃቸው ተጨብጦ አልላቀቅ ቢል ጣቶቹን አትጎትቺ። አንጓውን እንዲህ ወደ መዳፋቸው እጠፊው፤ ጣቶቹ ራሳቸው ይላላሉ።»

ለመሞከር እጇን ዘረጋች። በአባቷ አንጓ ላይ ጣቷ ጣቱን ነካው። ማናቸውም ቶሎ አላነሡም።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሽማግሌ ላክ» አሉ።

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ። አታድርቀኝ።»

ሙኒር ፈገግ አለ። ሐፍሳ ፈገግታውን አየችውና ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ልትነጥቃቸው ነው አይደል?»

ሙኒር መንገዱን ሊቀጥል ሲል ፊቱ ቆመች።

«ለጋብቻ የጠየቀኝን ስንቱን እንደመለስሁ ታውቃለህ? የመሸንቲውን ነጋዴ ስመልስ እናቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።»

«አባቴ ፊቱን ሸፍኖ ነው የወጣው ሐፍሳ።»

«አይቻለሁ። ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ነበርሁ። በሚመጣውም ኒካሕ እዚያው ነው የምቀመጠው።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ቂምህን ተወው አልልህም፤ እኔም አለብኝ። በዚህኛው ቀን ማን ፊቱን ሸፍኖ እንደሚወጣ ግን አስበህ ግባ።»

የኒካሑ ቀን አስቦ ገባ። ቢሆንም እጁ ነጩ ጨርቅ ስር ሲገባ፣ አባቱ የወጡበትን በር ነበር የሚያየው።

አዛውንቱ ጠበቅ አድርገው ጨበጡት። ወደ ጆሮው ዘንበል አሉ። «ምን ልታደርግ እንዳሰብህ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። እኔ ይህን እጅ መክፈት አልችልም። አከፋፈቱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

እውነት ነው። አንጓቸውን አንዴ ማጠፍ ብቻ ይበቃው ነበር።

አዛውንቱ ሼሁን ተከትለው ልጃቸውን መዳራቸውን ተናገሩ። ሼሁ ወደ ሙኒር ዞሩ። «ተቀብለሃል?»

ሙኒር አልመለሰም።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የአዛውንቱ ግንባር በላብ ራሰ። ሙኒር አባቱ ከዚያ ምንጣፍ ተነሥተው በሩን እስኪያልፉ የፈጀባቸውን ያህል፣ እርምጃቸውን አንድ በአንድ እያሰበ፣ አስጠበቃቸው። ከመጋረጃው ኋላ ሐፍሳም እየጠበቀች ነበር።

«ተቀብያለሁ» አለ።

ሼሁ ጨርቁን አነሡ። የአዛውንቱ እጅ ግን እንደተጨበጠ ቀረ።

«አብዱልመጂድ፣ አሁንማ ልጁን ልቀቀው እንጂ» አለ አንዱ፤ ቤቱ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም።

ሙኒር አንጓቸውን ቀስ አድርጎ አጠፈው። ጣቶቻቸው በየተራ ላሉ።

«ይቅር አልኸኝ?» አሉት በሹክሹክታ።

«የራሴን አዎ። የአባቴን ይቅርታ እኔ አልሰጥም። ዓርብ መቃብሩ ድረስ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

«እሺ። ሰኞስ?»

«ሰኞ ሕክምና አለዎት። እንዳያረፍዱ።»