የተፈገፈገው ደረጃ

የግቢው በር በእርግጫ ተበረገደ። ልጅቷ ተንበርክካ የግድግዳውን ሥር በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገች ነበር፤ ቀና ስትል ወንድሟ ነው። ሰላም አላላትም። ጃኬቱን አውልቆ በርሜሉ ላይ ወረወረና እጅጌውን ይሰበስብ ጀመር። ሰፈሩ «ጡንቻው» ያለው በከንቱ አይደለም፤ በሃያ አንድ ዓመቱ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል ጎረምሳ ነው፤ ቁጣው ደግሞ ከጡንቻው ቀድሞ ይደርሳል።

«እማዬስ?» አለች ልጅቷ።

«ዳሌዋ ተሰብሯል። ነገ ኦፕራሲዮን ያደርጓታል።» ቀና ብሎ ላይኛውን ክፍል አየ። «ሼባው አለ?»

ሼባው የሚላቸው ላይኛውን ክፍል የተከራዩትን ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ጋሽ መርፌ ይላቸዋል። የስፌት መኪናቸው ድምፅ እስከ ታች ይሰማል።

«አለ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ተወው፣ በናትህ» አለች። ማለት የነበረባት ግን ሌላ ነገር ነበር።

ወደ ላይኛው ክፍልና ወደ ጣራው የሚያወጣው የውጭ ደረጃ ፀሐይ የሚያገኘው ረፋድ ላይ ብቻ ነው። ዝናቡ በመጣ ቁጥር አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል፤ ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ጠጉራም የሆነ ነገር ይበቅልበታል። ሐሙስ ዕለት እናቷ አስረግጣ ነግራት ነበር፤ በረኪናውን በውሃ አቅጥኚ፣ አፍስሺ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ ፈግፍጊ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በብዙ ውሃ እጠቢ። ልጅቷ አፈሰሰች። ሩብ ሰዓቱን ስትጠብቅ ጓደኛዋ ደወለች። የሂሳብ አስተማሪው ሱሪ ሰሌዳው ፊት ስለመቀደዱ የማይጠገብ ወሬ ነበር፤ ሩብ ሰዓቱ እንደዋዛ ማታ ሆነ። አልጌው ሞቶ ከሲሚንቶው ለቀቀ፤ ሳይታጠብ ስላደረም ከመጀመሪያው የባሰ የሚያሙለጨልጭ ንፍጥ ሆነ። አርብ ጠዋት እናቷ የልብስ ሳፋ ይዛ ስትወርድ ነው የተፈጠፈጠችው።

«ደረጃውን አላጠብሽም እንዴ?» ብሎ ወንድሟ ሲጮህባት፣ «አጥቤዋለሁ! ጋሽ መርፌ እጣቢ ደፍተውበት ነው፤ አይቻቸዋለሁ» አለች። አላየችም። ሰውየው እጣቢያቸውን በባልዲ ተሸክመው እስከ ቦዩ ድረስ የሚወርዱ ሰው ናቸው። ውሸቱ ግን ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችውም፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ አጣችለት።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለቱንም ደረጃ እንደሚገባው አጸዳች። ከስንጥቁ በቢላ ፍቃ ያወጣችው አረንጓዴ አንድ ባልዲ ሞላ። መዳፏ ተላጠ፤ ዓይኗ በበረኪናው ቀላ። ደረጃው ነጥቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ክው ብሎ ደረቀ። ደረጃው ከጸዳ ነገሩም አብሮ የሚጠፋ መስሏት ነበር።

ወንድሟ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

«ና ግባ ልጄ፣ እናትህ እንዴት...» የሚል የጋሽ መርፌ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ጥፊ ጮኸ። ወንበር ተገለበጠ፤ የስፌት መኪናው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሽማግሌው መነጽራቸው ከአንድ ጆሯቸው ተንጠልጥሎ፣ ከአፍንጫቸው ደም እየወረደ፣ በሸሚዛቸው ኮሌታ ተጎትተው ወጡ።

«እጣቢ እየደፋህ እናቴን ሰበርካት!»

«ኧረ በፈጠረህ! የምን እጣቢ?»

በቡጢ አፋቸውን አላቸው። በጉልበታቸው ወደቁና የመደገፊያውን ብረት ሥር በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ወንድሟ ጣቶቻቸውን በጫማው ረገጠ። አንዴ አልበቃውም፤ ደገመ። ቀው የሚለውን ድምፅ ልጅቷ ከታች ሆና ሰማችው። መርፌ የሚይዙት በእነዚያ ጣቶች ነው።

«ተው! ትገላቸዋለህ!» ብላ ጮኸች። ተው አለች እንጂ እኔ ነኝ አላለችም። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ወንድሟ አንገታቸውን ይዞ አስነሳና ገፈተራቸው።

ሽማግሌው እየተንከባለሉ ወረዱ። ጭንቅላታቸው የአራተኛውን ደረጃ ጠርዝ መታና እዚያው ቀሩ። ደሙ ነጩ ሲሚንቶ ላይ ቀስ እያለ ተስፋፋ።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቱ መካኒክና ሚስቱ ሮጠው ገቡ። ሴትየዋ ነጠላዋን አውልቃ የሽማግሌውን ራስ አሰረች። ባልና ሚስቱ ተሸክመው መኪና ውስጥ ሲያስገቧቸው ይቃትቱ ነበር። መካኒኩ ከመሄዱ በፊት ዞር ብሎ፣ «ፖሊስ ጠርቻለሁ፤ የትም እንዳትሄድ» አለ።

«ተንሸራቶ ነው!» አለ ወንድሟ። «እኔ ምን አደረኩት? ደረጃው ያንሸራትታል፣ እናቴም የወደቀችው እዚሁ ነው!»

መኪናው ሄደ። ወንድሟ ያኔ ገና ደረጃውን አየው፤ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ደረቅ ነው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ዓይኑ ባልዲው ላይ አረፈ።

«ይሄን መልሽው» አለ።

«ምኑን?»

«አረንጓዴውን ነዋ! ውሃ ጨምሪበትና ደረጃው ላይ ለቅልቂው። ሳይመጡ፣ ቶሎ በይ!»

«እጣቢ አልደፉም» አለች ልጅቷ።

«ምን?»

«ጋሽ መርፌ እጣቢ አልደፉም። በረኪናውን አፍስሼ ሳላጥብ የተውኩት እኔ ነኝ። አይቻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው።»

በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጭው አለ፤ በግድግዳው ተደግፋ ቀረች። ሁለተኛውን ሊደግም እጁን አንሥቶ ነበር፤ ጣቶቹ ላይ የሽማግሌውን ደም ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን አድርጎኝ ነው ታዲያ...» አለ ለራሱ። ቆይቶ ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ስሚኝ ሚጢጢ። እኔ ከታሰርኩ እማዬን ማን ያነሣታል? አንቺን ማን ያስተምርሻል? አባባ የለ፣ ዘመድ የለ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ያንሸራትት ነበር በያቸው። አንቺም ከዚህ ጣጣ ትወጫለሽ።»

ሚጢጢ የሚላት ሲያባብላት ነው። ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካት። ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች፤ አሁን በጥፊ ያጋለው ፊቷ እየተቃጠለ እንኳ ትወደዋለች።

«እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሣ። «እስክወጣ ጨርሺው።»

ብቻዋን ቀረች። ባልዲውን አንሥታ እስከ አራተኛው ደረጃ ወጣች። ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት። በእፍኟ ዘገነች፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ሁለት እፍኝ ቢሆን ይበቃል። ከሲሚንቶው ላይ የሽማግሌው መነጽር አንዱ መስታወት ተሰብሮ ወድቋል፤ አጠገቡም ኮሌታቸው ላይ ተሰክታ የነበረች አንዲት መርፌ፣ ክሯ እንዳለ።

እፍኟን ወደ ባልዲው መለሰች። ወረደችና ባልዲውን እስከ ቦዩ ወስዳ ደፋችው፤ በውሃ ጎማውም አረንጓዴው ሁሉ ተጠርጎ እስኪሄድ ድረስ ለቀቀችበት። ባልዲውን አጠበች፤ ብሩሹን አጠበች። ውሃ ወደ ደረጃው እንዳይረጭ ተጠነቀቀች። ተመልሳ ወጥታ መርፌዋን ከክሯ ጋር አነሣችና የራሷ ኮሌታ ላይ ሰካቻት። ደሙን ግን አልነካችውም።

የግቢው በር ተንኳኳ።

ወንድሟ እጁን በፎጣ እያደረቀ ብቅ አለ። ደረጃውን አየ፤ ነጭ ነው። ባዶውን ባልዲ አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ሚጢጢ» አለ በሹክሹክታ።

እሷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሩን ልትከፍት ሄደች።