ቀኝ ለሚያውቅ፣ ግራ ለማያውቅ

ራሊጻና ያቮር የተዋደዱት በክርክር ነው። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ሰው በሚርቃት ትንሽ ከተማ ሁለቱም የሦስተኛ ክፍል መምህራን ነበሩ። ክፍሎቻቸው ጎን ለጎን፣ ሐሳባቸው ግን ሰማይና ምድር።

ያቮር፣ ልጅ የራሱ የሚያደርገው ራሱ ለፍቶ የደረሰበትን እውቀት ብቻ ነው ይላል። ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዝምታው ሲረዝም ራሊጻ ግድግዳው ማዶ ሆና ትጨነቅለታለች። እሷ ደግሞ ልጅ የሚማረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲነጋገር፣ ደረጃ በደረጃ ሲደገፍና ሲለማመድ ነው ባይ ናት።

«ዳኑብ ውስጥ ልጅ ወርውረህ ዋናን ራስህ ድረስበት ትለዋለህ?» አለችው አንድ ቀን፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ባኒጻ የሚሉትን አይብ ያለበት ቂጣ እየቆረሰችለት።

«አልወረውረውም። ጥልቀት የሌለው ቦታ አብሬው እቆማለሁ። እጁን ግን አላወራጭለትም።»

«እስኪዋኝ ድረስ ሁለታችሁም በብርድ ታልቃላችሁ!»

«አንቺ ደግሞ ገና ውሃ ሳይነካው ስለ ዋና ደብተር ሙሉ ታስጽፊዋለሽ።»

«እጅ ከለመደ አእምሮ ያርፋል፤ ያረፈ አእምሮ ነው የሚያስበው። ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትለፈልፍበትን ቋንቋ ራስህ ነህ የፈለሰፍከው ወይስ እናትህ ናት ያስተማረችህ?»

ያቮር ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና አያት። «ራሊጻ፣ ልጁ ሊያገኘው የተቃረበውን ነገር ስትነግሪው እኮ እየሰረቅሽው ነው። ከዚያ በኋላ ያን ነገር ራሱ ሊያገኘው አይችልም።»

ራሊጻ ዓይኖቹን አየቻቸው፤ እሱም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ባኒጻው በመሃላቸው ቀዘቀዘ።

ማርች ሲገባ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ቀይና ነጭ ክር የእጇ አንጓ ላይ አሰረላት። «ያበበ ዛፍ እስክታዪ እንዳትፈቺው» አላት። «ያን ቀን እናትሽን አናግራለሁ።» ራሊጻ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዛፎቹን እምቡጥ እያየች ትውል ነበር።

ከአበባው ግን ዲሬክተሯ ቀደሙ። ወይዘሮ ዝላትካ ሁለቱንም ቢሯቸው ጠርተው፣ «ልጆቼ፣ በምን አፌ እንደምነግራችሁ አላውቅም» አሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስፔንና ወደ ጀርመን እየሄዱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱ ክፍሎች ይቀላቀላሉ፤ አንድ መምህር ይበቃል። ከአውራጃው የሚመጡ ገምጋሚዎች ክፍል ገብተው የሁለቱንም ክፍት ትምህርት አይተው ይመርጣሉ።

ሲወጡ ያቮር፣ «ካልተመረጥኩ ቫሌንሲያ ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው» አላት። «ቀለም ቀቢ ይፈልጋል።»

«እኔስ?»

«እናትሽን ትተሽ ትመጫለሽ?»

እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏታል፤ ከራሊጻ ሌላ ልጅም የላትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ነገሩን አውጥታ አውርዳ ጨረሰችው። እሷ ብትወድቅ ዳቦ ቤትም ቢሆን ተቀጥራ ትኖራለች። እሱ ከወደቀ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ያቮር መውደቅ የለበትም።

በክፍት ትምህርት ላይ እዚያ አገር አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ልጆቹ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀድመው ያጠናሉ። እንግዳ ሲገባ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ እጅ ያወጡትን ብቻ ይጠራል። ገምጋሚዎቹም በወጣትነታቸው ይህንኑ ስላደረጉ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ያቮር ነገሩን ይጠየፈዋል። ልጆቼ ከሚዋሹ ዝም ቢሉ ይሻለኛል ይል ነበር።

ጥርሱን ሊነቀል ቪዲን ከተማ የሄደ ዕለት ክፍሉን ራሊጻ ያዘችለት። ለግምገማው ያዘጋጀው ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጆቹ ወረቀትና መቀስ ይዘው፣ አራት ማዕዘን ወረቀት ውስጥ የሚገባው ትልቁ ሦስት ማዕዘን የወረቀቱን ምን ያህል እንደሚይዝ ራሳቸው እንዲደርሱበት ነው። በሩን ዘጋች።

«ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ እጠፉት። አንዱ ሦስት ማዕዘን ግማሹን ይይዛል። ግማሹ ለጎረቤቱ ይቀራል። በሉ እስቲ፣ ግማሹ ለጎረቤቱ ይቀራል!»

አባባሉ የራሷ ነው፤ ደጋግማ አስባለቻቸው። እጅ አወጣጡንም አሳየቻቸው። «ለቲቸር ያቮር የምንሰጠው ስጦታ ነው፤ እንዳትነግሩት» አለች። ኔዳ የምትባል፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ፣ መቀሷን አንስታ የወረቀቷን ጥጎች እየቆረጠች መደርደር ጀምራ ነበር። ራሊጻ ጊዜ አልነበራትም። «እንዲህ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ» ብላ መቀሱን ተቀበለቻትና አዲስ ወረቀት ራሷ አጠፈችላት።

በግምገማው ቀን ራሊጻ የራሷን ትምህርት ሆን ብላ አቀዘቀዘችው። ከዚያ ያቮር ክፍል ገብታ ኋላ ተቀመጠች። ያቮር ወረቀቱን አደለ፣ ጥያቄውን ጠየቀ፣ ለረጅም ዝምታም ተዘጋጅቶ እጆቹን አጣመረ።

ዝምታው አልመጣም። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ።

የያቮር ፊት በራ። ራሊጻ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ዓይኑ ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ጀመረ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ያ ፊት ዓይኗ እያየ ከሰመ።

ግራ እጃቸውን ካወጡት አንዷን ጠራ። «ኔዳ።»

«ግማሹ ለጎረቤቱ ይቀራል» አለች ኔዳ፣ ወረቀቷን ሳታይ።

ያቮር ቀና ብሎ ወደ ኋላው ወንበር ተመለከተ። ገምጋሚዎቹ እያጨበጨቡ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ «ለምን?» አላት።

«እንዳትሄድብኝ ብዬ።»

«ልጆቹ ራሳቸው እንደማይችሉ እርግጠኛ ነበርሽ ማለት ነው።»

«የፈራሁት አንተን ማጣት ነው። ትምህርቱን ከነጭራሹ አላሰብኩትም!»

«እኔ ግን ያ ትምህርት ነኝ፣ ራሊጻ። የማምንበት ነገር እውነት መሆኑን የማይበት አንድ ቀን ነበረኝ። አሁን መቼም አላውቅም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

የተመረጠው እሱ ነበር። በማግስቱ ወይዘሮ ዝላትካን ቦታውን አልፈልግም አላቸው። ምክንያቱን ቢጠይቁት ቢጠይቁት አልተናገረም። ራሊጻን ለማንም አላጋለጠም፤ ቦታውም ለእሷ ሆነ።

የፕሪም ዛፎቹ አበቡ። ራሊጻ ክሩን አልፈታችም። ያቮርም እናቷን ሊያናግር አልመጣም፤ በኮሪደር ሲተላለፉ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላትና ያልፋል።

ትምህርት በተዘጋበት ቀን ኔዳን በር ላይ አገኘቻት። ነገሩ ሲከነክናት ከርሞ ነበር።

«ኔዳዬ፣ ያን ዕለት መልሱን በትክክል ተናግረሻል። ታዲያ ለምን ግራ እጅሽን አወጣሽ?»

ኔዳ ጫማዋን እያየች፣ «እኔ ያገኘሁት ሌላ ነበር» አለች። «ጥጎቹን ቆርጬ ሦስት ማዕዘኑ ላይ ስደረድራቸው ልክክ ብለው እኩል ይሆኑ ነበር። ቲቸር፣ እርስዎ እንዲህ አይደለም ሲሉኝ የማላውቅ መሰለኝ።»

ራሊጻ ወደ መናኸሪያው ሮጠች፤ ያቮር ወደ ቫሌንሲያ የሚሄደው ያን ቀን ነበር። የሶፍያው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ያቮር በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ መስኮቱ ከላይ በጠባቡ ተከፍቷል።

«ያቮር! ኔዳ ራሷ አግኝታው ነበር! ጥጎቹን ቆርጣ! መቀሱን የነጠቅኳት እኔ ነኝ። ልክ ነበርክ፣ ይችሉ ነበር!»

ያቮር ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ርጥብ ነበር። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀለሙ የለቀቀውን ክር እንዳሰረች አብራው ተራመደች።

«ይቅር ትለኛለህ? ይህን ብቻ ንገረኝ። ይቅር ትለኛለህ?»

ያቮር አያት፤ እጁንም ቀስ ብሎ አወጣ። ቀኝ እጁ ምንም ሳይዝ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። ያወጣው ግራውን ነበር።