ከመለኪያው ያነሱ

ዛጎሉ በመለኪያው ቀለበት ሾልኮ አሸዋው ላይ ወደቀ። ኑየር ሌላ ከጆንያው አወጣች። እሱም ሾለከ። ሦስተኛውም።

«ቀለበቱ ሰፍቶ ይሆናል» አለች ጦፉል፣ ከፀጉሯ ውሃ እየጨመቀች።

«ብረት እኮ ነው። ብረት እንደ ካልሲ ይሰፋል?»

ጦፉል አልሳቀችም። ኑየርን ያሳሰባት ይህ ነበር፤ ጦፉል የሒሳብ ፈተና ወድቃ እንኳ የምትስቅ ልጅ ናት።

የወቅቱ የመጨረሻ ቀን ነው። መንግሥት ለሁለት ዓመት ዘግቶት የነበረው የሱፈይላ ለቀማ ዘንድሮ ሲከፈት የባሕር ዳሯ መንደር የሐድቢን ሰው በሙሉ ባሕር ውስጥ ሰነበተ፤ ወንዱ በጀልባ እስከ ጥልቁ፣ ሴቱ ከዳር። ሱፈይላ አንድ ዛጎሉን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ከድንጋይ ሥር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ሀብታሞች ለሠርጋቸው ይበሉታል ይባላል። ሐድቢን ላይ ግን ማን ጨክኖ ይበላዋል? ይሸጣል እንጂ። ሕጉን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፦ በቀለበቱ የሚሾልክ አይለቀምም፣ አይሸጥም፣ ከአገር አይወጣም። ዛጎሉን አውልቆ መሸጥም ክልክል ነው። ያነሰ የተገኘበት ጆንያ ደግሞ ከነትልልቆቹ ይወረሳል።

ሁለቱ ልጆች የሚጠቀሙት በአንድ ጆንያ ነው። ኑየር ከጥቁሩ ቋጥኝ ወዲህ ስትጠልቅ፣ ጦፉል «እኔ ከማዶ፣ ከጥልቁ አመጣለሁ» ብላ ሄዳ ነበር። በሚያገኙት ገንዘብ እንደ ወንዶቹ ረጅሙን የመዋኛ ጫማ፣ ያንን እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋውን፣ ሊገዙ ተስማምተዋል።

«እነዚህ ከጥልቁ የመጡ አይደሉም» አለች ኑየር ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እነዚህ ሕፃናቱ ከሚንቦጫረቁበት ድንጋይ ናቸው። ጉልበት ከማይደርሰው ውሃ።»

ጦፉል ወደ ባሕሩ አየች። «ጆሮዬን ይወጋኛል።»

«ጆሮሽን?»

«እሺ፣ ጆሮዬን አይደለም።» አሸዋውን በጣቷ ቆፈረች። «ባለፈው ዓመት ስዋኝ እግሬ መረብ ውስጥ ከተያዘ ጀምሮ ውሃው ከአንገቴ ሲያልፍ ትንፋሼ እምቢ ይለኛል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ‹እንደ እናቴ ፈሪ አትሁኚ› ነው የምትይው። ምን ልበልሽ?»

እውነቷን ነው፤ ኑየር በየቀኑ ብላታለች።

«ኑየር!» እናቷ ሰይራ ከዳር ተጣራች። ውሃ እግሯን እንዳይነካት ከማዕበሉ በላይ ቆማ፣ በሻሿ እያውለበለበች ነበር። «ከንፈርሽ ጠቁሯል! ብርዱ ሳንባሽ ይገባል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ነው፣ ከዚያ ደግሞ...»

«ከዚያ ቀብር ነው፣ እማ! አውቃለሁ!»

«አፍሽ ላይ እንኳ አታምጪው አንቺ ልጅ!»

ነጋዴው ሙስተሂል የበረዶ ሣጥኖቹን ከጫነው ፒካፑ ወርዶ መጣ። ጆንያው ውስጥ አንዴ አየና ፊቱን ወደ አስፋልቱ መለሰ። የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎቹ ነጭ መኪና እዚያ ቆሟል።

«ምነው አንገታችሁን ደፋችሁ?» አለ። «ዛጎሉን አውልቁታ። ሥጋ በቀለበት ሲለካ አይቼ አላውቅም። ከሌላው ጋር ይቀዘቅዛል፣ ካርቶን ይገባል፣ መርከብ ይሳፈራል፣ በቃ።»

«ክልክል ነው እኮ፣ አጎቴ» አለች ኑየር።

«ክልክሉ መያዝ ነው፣ የኔ ልጅ። ከዚያ ከሚዛኑ ድንኳን ጀርባ ሂዱ። እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት እጠብቃችኋለሁ።» ቢላዋ አሸዋው ላይ ጥሎላቸው ሄደ።

ጦፉል ቢላዋውን አነሣች። «አየሽ? ማንም አያውቅም። የመዋኛ ጫማው ይገዛል፣ እኔም...» አልጨረሰችውም።

ኑየር ቢላዋውን ስታይ ታላቅ ወንድሟ ሙሰለም ትዝ አላት። ባሕሩ በተዘጋባቸው ሁለት ዓመታት ሰላላ ከተማ ሄዶ ሲሚንቶ ሲጭን ከረመ፤ በበዓል ሲመጣ ወገቡን ይዞ ነበር የሚቀመጠው። በትምህርት ቤት መምህሯ «መንግሥት የገዛ ሕዝቡን አትሽጡ ብሎ የሚከለክለው ለምንድን ነው? ንግድ አይወድም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ኑየር እጇን አውጥታ «ይወዳል። ትንንሾቹን ዘንድሮ ከሸጥን ከርሞ የምንሸጠው ባዶ ድንጋይ ስለሆነ ነው» አለች። ክፍሉ ሲስቅ ያጨበጨበችላት ጦፉል ነበረች። በክፍል ውስጥ መናገር ቀላል ነው። ትንንሾቹ ካለቁ ባሕሩ እንደገና ይዘጋል፤ ሙሰለምም ወደ ሲሚንቶው ይመለሳል።

«ስጪኝ» አለች። ጦፉል ቢላዋውን አቀበለቻት። ኑየር ከእርጥቡ ፎጣ በታች ሸጎጠችው። «ወደ ውሃው እንመልሳቸዋለን።»

«ከቋጥኙ ጀርባ እንወርውራቸውና...»

«ብትወረውሪያቸው በጀርባቸው ይወድቃሉ፣ ዓሣ ይበላቸዋል። የቆሰለውም ደሙ አይረጋም። አንድ በአንድ ነው፣ ከየድንጋዩ ሥር።»

«ተቆጣጣሪው ፊት? ኑየር፣ ጆንያው በሙሉ ይሄዳል! ያንቺም!»

«ይሄዳላ። ተነሺ፣ እየደረቁ ነው።»

ጆንያውን በሁለት ጫፍ ይዘው በሰው ሁሉ መሐል ወደ ጥልቀት የለሹ ውሃ ወረዱ። ለማስመዘን ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ዞረው አዩአቸው። አንዷ ብቻ «ባሕሩ ሱቅ ነው እንዴ፣ ዕቃ የሚመለስለት?» ብላ ሳቀች።

ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ሳይደርስ ወጣቱ ተቆጣጣሪ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰባቸው።

«እህቶቼ፣ ጆንያው ውስጥ ምን አለ?»

«ትልልቅም አለ፣ ከቀለበቱ ያነሰም አለ» አለች ኑየር። «ያነሱትን ልንመልስ ነው።»

«ማን ለቀማቸው?»

ጦፉል ትንፋሿን ዋጠች። ኑየር ከጎኗ ሰማቻት፤ ያው ከአንገት በላይ ውሃ እንደገባ ሰው ነበር አተነፋፈሷ።

«ጆንያው የሁለታችን ነው» አለች ኑየር።

ተቆጣጣሪው ወደ አስፋልቱ፣ ወደ አለቃው አየ። ከዚያ ወደ ልጆቹ። «እንግዲህ ሕጉን ታውቃላችሁ። ትልልቆቹንም እወስዳለሁ። ቅር እንዳይላችሁ፤ ለእናንተ ካለፍኩ ለሌላውም ማለፍ አለብኝ።»

«አውቃለሁ። ግን እርስዎ ጆንያውን እስኪወስዱ እነዚህ ይሞታሉ። መጀመሪያ እነሱን እንመልስ።»

ተቆጣጣሪው እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ። «መልሱ።»

«ብዬ ነበር!» ሰይራ እየሮጠች መጣች። «ወላሂ ጠዋት ውሃውን ሳየው አላማረኝም ብያለሁ! አሁን ያስሯችኋል፣ ስማችን በገበያው ይጠራል፣ ማንም ከእኛ አይገዛም...»

«ማንም አያስረንም፣ እማ። ትልልቆቹን ለእሱ ለዪልን፣ እንዳይቀላቀሉ።»

እናትየው አፏን ከፍታ ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና እያጉረመረመች መለየት ጀመረች። ጥሩ ለቀማ ነበር። እያንዳንዱ ትልቅ ዛጎል ወደ ተቆጣጣሪው ሣጥን ሲገባ ኑየር ከባድ ድምፁን እየሰማች በልቧ ትቆጥር ነበር፤ ጠዋት ሙሉ የጠለቀችው ለእነሱ ነው።

ሙስተሂል ከሩቅ አየና ራሱን ነቀነቀ። ብዙም አልቆየም፤ ፒካፑን አስነሥቶ ወደ ሌላ ሚዛን ሄደ።

«የመዋኛ ጫማውስ?» አለች ጦፉል። እንባዋን በእርጥብ እጅጌዋ ልትጠርግ ሞክራ ጨው ዓይኗ ውስጥ አስገባች።

«እኔ እንደሆንኩ ያለሱም እጠልቃለሁ። አንቺ ደግሞ» ኑየር ትንሽ አሰበች፣ «ጉልበት የማይደርስ ውሃ የመዋኛ ጫማ አይፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ጠለቅሽ አልጠለቅሽ ብሎ አይጠይቅሽም። እኔም ጭምር።»

ጦፉል ሳይነግሯት ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ድንጋይ በሁለት እጇ ገልጣ ያዘች። ከባድ ነበር፤ አልለቀቀችውም።

ኑየር ትንሹን ሱፈይላ በሚጣበቅበት እግሩ በኩል ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ፣ ማዕበሉ እንዳይወስደው በጣቷ ተጭና ጠበቀች። መጀመሪያ ተንሸራተተ። ከዚያ ከጣቷ ሥር ጥብቅ አለ።

«ያዘ» አለች። «ሌላ አቀብዪኝ።»